ንጹሕ ጉሮሮ

በመጋቢት 1998 ዓ.ም. መቐለ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር፣ የዘሃራ ዶሮዎች በሙሉ ተገድለው ተቃጠሉ። ገዳዮቹ ሲደርሱ ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ እህል ይለቅሙ ነበር።

ዘሃራና ባሏ አብዱልወሃብ ከወሎ መጥተው በዶሮና በእንቁላል ንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ጠዋት ማታ የሚያወራው ስለ ወፍ ጉንፋን ነበር። አብዱልወሃብ ምግብ አልበላ አለው፤ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል። አንድ ጠዋት ዘሃራ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ አየችውና ደነገጠች። ባጃጅ ጠርታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

የተቀበለቻቸው ነርስ ፍሬወይኒ መቐለ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች ናት። ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዘሃራ የወፍ በሽታ እንደያዘው ተናገረች። ሥራቸውን ስትጠየቅም ዶሮ እንደሚነግዱ መለሰች። ፍሬወይኒ ወደ ኋላ ሸሸች፤ የሰማችውንም ለሐኪሙ ለዶክተር ዘሚካኤል በትግርኛ ነገረችው።

ለበሽተኛው ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ተለቀቀለት። መስኮቱ በካርቶን ተደፈነ፣ አንዲት ደብዛዛ አምፖል በራች። ሐኪሙ የሚገባው ተሸፋፍኖ፣ ላብ የሚያደበዝዘው የፕላስቲክ መነጽር አድርጎ ነው። ብዙም አይቆይም። ዘሃራ እንዳትገባ ተከለከለች።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ረዘነ በማግሥቱ ግቢዋ መጥቶ መጀመሪያ የሞተችው ዶሮ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቃት። አንዲትም አልሞተችብኝም አለች።

«ሓፍተይ፣ ዶሮ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ኧረ ወንድሜ፣ የሱን ሕመም ከዶሮ ምን አገናኘው?»

«ራስሽ ተናግረሽ ራስሽ ትክጃለሽ?»

ረዘነና ሰዎቹ ዶሮዎቹን ገድለው ያቃጠሉት ያን ቀን ነው። የእንቁላል ደንበኛዋ ኣበባ በአጥር በኩል አሻግራ አየችና፣ «ዘሃራ፣ ያንቺን እንቁላል ስበላ ነው የከረምኩት። ነገ ጠዋት ኩኩሉ ካልኩ አደራ እንዳታርጂኝ» አለቻት።

ከአብዱልወሃብ ጉሮሮ የተወሰደው ናሙና አዲስ አበባ ደርሶ ውጤቱ መጣ። ምንም አልተገኘበትም። ዘሃራ ባሏን ልትወስድ ልብሱን ይዛ ሄደች። ዶክተር ዘሚካኤል በር ላይ አቆማት።

የጉሮሮው ንጹሕ መሆን ምንም ማለት እንዳልሆነ አስረዳት። ኢንፍሉዌንዛ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ ስኳር ላይ ተጣብቆ ነው። ስኳሩ የተያያዘበት መንገድ ግን ይለያያል። የሰው ጉንፋን የሚያውቀው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ የሞላውን ዓይነት ነው። የወፉ ቫይረስ የሚፈልገው ሌላውን ነው፤ ያ ደግሞ በሰው ላይ በብዛት የሚገኘው ሳንባ ውስጥ፣ ከጥልቁ ነው። እንግዲህ ቫይረሱ እዚያ ወርዶ ተጣብቆ ይሆናል።

«አያስልም እኮ» አለች ዘሃራ።

«ገና ነው።»

ጉሮሮው ቢቆሽሽ በሽተኛ፣ ቢጸዳም በሽተኛ ከሆነ በምን ሊወጣ እንደሚችል ጠየቀችው። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነቱን ክርክር ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ውሏል። ፊቱን አዙሮ ሊሄድ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«እንግዲያው ስጡኝና አገሬ ልውሰደው። እኛ ዘንድ ለዚህ በሽታ ቅጠል የሚሰጥ አዋቂ አለ።»

«ዓለም መድኃኒት ላጣለት በሽታ?»

«አጎቴ ድኖበታል።»

ዶክተሩ ለፍሬወይኒ ይህች ሴት እንደምትዋሽ ነገራት። ዘበኛውም ዘሃራን ከግቢው እንዲያስወጣ ታዘዘ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በጓሮ አጥር በኩል የባሏን ስም ትጠራለች፤ እሱም ከውስጥ አለሁ ይላታል። አንድ ቀትር ላይ ደጋግማ ብትጠራው ድምፁን አጣች። ዘበኛው ምሳ ላይ ነበር። አጥሩን አልፋ ገባችና የመስኮቱን ካርቶን በጥፍሯ ቦጭቃ ጣለችው።

ፀሐይ አልጋው ላይ ወደቀ። አብዱልወሃብ ተኝቶ ነበርና ነቃ። ዶክተር ዘሚካኤል እየሮጠ ገባ፤ የደበዘዘውን መነጽር አውልቆ ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ በሽተኛው ዞረ።

የአብዱልወሃብ ዓይን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር። «እኛ አገር ይህን ነው የወፍ በሽታ የምንለው» አለች ዘሃራ።