ያልቸኮለ እጅ

ሀሴት ጥቁሩን የፑል ስቲክ ከግድግዳው አውርዳ ገና በእጇ ስታመቻቸው፣ «እሱን ነው እንዴ የምትገዢው?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ዘወር ሳትል አወቀችው። የአባቷ ድምፅ ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ አቶ ማርቆስ አናጢ ናቸው፤ ከአናጢነታቸው በላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ፑል ቤት ማለት ለእሳቸው የገሃነም በረንዳ ነው። ሀሴት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ «ላይብረሪ ነኝ» እያለች፣ እዚሁ ሐይቁ አጠገብ ባለው አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ከአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ብዙም ሳትርቅ ኳስ ስትመታ ኖራለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚሁ ቤት የሴቶች ፍጻሜ ትጫወታለች። የለመደችው ስቲክ ትናንት ተሰንጥቆባት ነው የራሷን ልትገዛ የመጣችው።

«እናትሽ ነገረችኝ» አሉ።

«አባዬ፣ ልነግርህ ነበር እኮ…»

«መቼ? ካሸነፍሽ በኋላ?»

የቤቱ ባለቤት ተመስገን ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጋሽ ማርቆስ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ከዚህም ይታየኛል» አሉና ከደጃፉ ንቅንቅ ሳይሉ ቀሩ።

ሀሴት ቁጣው እስኪወርድባት ጠበቀች። የአባቷ ዓይን ግን እሷ ላይ አልነበረም። ስቲኩ ላይ ነበር። «አምጪው እስቲ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠቻቸው። ስቲኩ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለበት፤ መጋጠሚያው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው፤ በዚያ ቤት የሚጫወት ወጣት ሁሉ ይመኘዋል። አቶ ማርቆስ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ዘንዶውን በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ከነእሳቱ ተላጠ። ለካ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው! ከሥሩ አንጓ የበዛበት እንጨት በቀለም ተድበስብሶ ተኝቷል።

«ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ» አሉ። «አንጓ የበዛበት እንጨት እርጥበት ሲነካው ይጎብጣል። እዚህ ሐይቅ ዳር ሁለት ክረምት አይሻገርም።»

ተመስገንን ሳል ያዘው። «እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው፣ ጋሼ። በሉ ይሄኛውን ይዩት።»

ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ፋይበር ነው። አቶ ማርቆስ እንደገና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀጥ ያለ ነው። አይጎብጥም፣ ውሸትም የለበትም» አሉ። «ግን እንጨት አይደለም። የማላውቀውን ነገር ደግሞ አልመርጥልሽም።»

ሀሴት ቃሉን በልቧ ደገመችው። ሊከለክል የመጣ ሰው ይመርጣል እንዴ?

«ያ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ፣ ከጓዳው በር አጠገብ ምስማር ላይ ወደተሰቀለው እያመለከቱ።

«እሱን እንኳ ተዉት፣ ጋሼ። ጌጥ ስለሌለው ጠይቆት የሚያውቅ የለም።»

አቶ ማርቆስ አልሰሙትም። ዓይናቸውን ከስቲኩ ሳይነቅሉ በጠረጴዛዎቹ መካከል አለፉ፤ ተጫዋቾቹ ገለል ገለል አሉላቸው። ሀሴት አባቷ ፑል ቤት መግባታቸውን አየች፤ እሳቸው ግን ያወቁት አልመሰላትም። ተከተለቻቸው።

አውርደው አቧራውን በኮታቸው ጠረጉት። የላይኛው እንጨት ነጣ ያለ ነው፤ መስመሩ አንድም ቦታ ሳይቋረጥ እስከ ጫፉ ይሄዳል። የታችኛው ጥቁርና ከባድ ነው። ሁለቱ እንጨቶች የተገናኙት ያለ ምስማርና ያለ ብረት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ጥርስ ገብቶ ነው። አቶ ማርቆስ መገናኛውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት።

«ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳብሺው። መገናኛው የት ነው?»

ጣቷን አስኬደች። መለስ አድርጋም አስኬደች። በዓይኗ ያየችውን በጣቷ አጣችው።

«ይሄን የሠራው ሰው አልቸኮለም» አሉ፣ ሲጸልዩ ብቻ በምታውቀው ድምፅ። «ኳስ ለመምቻ ብሎ! ማን ያይልኛል ሳይል! እጁ ይባረክ።»

ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት፤ ሳይንገጫገጭ ሄደ። ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኑን ፈለጉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ሰጧት። «ምቺበት።»

ሀሴት ጎንበስ አለች። ስቲኩ ክንዷ የረዘመ ያህል ቀለላት። ነጯ ኳስ ሄዳ ቀዩን ነካች፤ ቀዩ የጉድጓዱን አፍ ሳይነካ ገባ። አባቷ ኳሱን አላዩም። የሚያዩት የልጃቸውን እጅ ነበር።

«ይሄን ስንት ጊዜ ተለማመድሽው?»

«በየቀኑ፣ አባዬ። ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት» ብለው ደገሙት። ውሸቷን ይሁን ልፋቷን እየቆጠሩ እንደሆነ አልገባትም።

ስልካቸው ጮኸ። «አቤት፣ ወንድም አሸናፊ» አሉ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ነው። «አልረሳሁም፣ ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ግን እኔን አትጠብቁኝ… ኧረ ጤና ነኝ… የት ነው ያለሁት?»

ሀሴት ተሸማቀቀች። አባቷ በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም፤ ዛሬ በእሷ የተነሣ ሊዋሹ ነው።

«ፑል ቤት ነኝ» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩ።

«ልጄ ፍጻሜ ትጫወታለች። እናንተም ስብሰባውን ስትጨርሱ ኑ።»

ሀሴት ቶሎ ብላ ከጠረጴዛው ራቅ አለች፤ እንባዋ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ እንዳይንጠባጠብ።