ኅዋው ዝርግ ከሆነ ወዲህ

ጥሩወርቅና ባሏ ሽብሩ ሲኳረፉ ደንባቸው አንድ ነበር። እሷ የሻይ ፔርሙሱን፣ እሱ ሁለቱን ብርጭቆ ይዘው ይወጡና ጎን ለጎን ባሉት ሁለት መንገዶች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ያኔ ኅዋው፣ ማለትም ሰፈሩ ያለበት ቦታ ራሱ፣ ጎባጣ ስለነበር ቀጥ ያሉት መንገዶች ሳይታጠፉ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ባልና ሚስቱም ማንም ሳይሸነፍ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ግንበኞች «የወለል ሰድር አልገጥም አለን» ብለው ስላማረሩ የሰፈሩ ኮሚቴ ኅዋውን ዝርግ አስደረገው። ጥሩወርቅ ይህን ረስታ ዛሬም ተኮሳትራ ወጣች። ብትሄድ ብትሄድ በወዲያኛው መንገድ የሚሄደው ሽብሩ በመሃላቸው ካለው ሜዳ ማዶ ያው ነው፤ አይቀርብም፣ አይርቅም።

«ብርጭቆ የያዘ ይምጣ!» ብላ ጮኸች።

«ሻይ የያዘ ይምጣ!» አላት።

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ሆዷ ባባ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስታርቃቸው የኖረው መንገዱ ኖሯል! ፔርሙሱን ዳበሰችው። ገና ትኩስ ነው። «ለዛሬ ብቻ» ብላ አንገቷን ደፍታ ወደ እሱ ታጠፈች።

ቀና ስትል ሽብሩ ብርጭቆዎቹን እያንቃጨለ ሜዳውን አጋምሶታል።

«ወደ አንቺ የመጣሁ እንዳይመስልሽ» አላት፤ «መንገዱ ጎብጦብኝ ነው።»