ቀጭ የሚለው

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲላስ ከሰበታ ገበያ ያመጣቸውን ሁለት የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ሪሌዎች ወፍጮው አጠገብ አስቀመጠ። «ኦቦ ቦሩ፣ መቆጣጠሪያው ፒኤልሲ ርካሹ ይበቃዎታል፤ እህሉ ሲያልቅ ወፍጮውን ራሱ ያጠፋዋል። ሪሌውን ግን ድምፅ የሌለውን ይውሰዱ፤ ዕድሜው ረጅም ነው።»

«የለም ልጄ፣ ቀጭ የሚለውን ነው የምፈልገው» አለ ቦሩ፣ ሚስቱን እያየ። ጠጅቱ ዓይኗ አያይም፤ እህል ማለቁን ከወፍጮው ድምፅ አውቃ የምታጠፋው ግን እሷ ነበረች። ዘንድሮ ጆሮዋ ከዳትና ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ድንጋዩ ሊቃጠል ደረሰ። ሥራዋን ማሽን ቢወስድባትም፣ መቆሙን እንኳ ትስማ ብሎ ነው።

ሲላስ ቀጭ የሚለውን ሪሌ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ቦሩ ወደ ጆሮዋ አስጠጋላትና «ይሄውልሽ ጠጅቱ ኮ፣ የኔዋ፣ ይሄ ሲጮህ ወፍጮው ቆመ ማለት ነው» አላት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ።

ጠጅቱ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከዚያ ፈገግ አለች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አስጮኸው እንጂ! እስኪመሽ ልጠብቅህ?»

ሲላስ አቀረቀረ። ቦሩ ሪሌውን ቀስ ብሎ ከጆሮዋ አራቀው።

«ለካ ተበላሽቷል» አላት፣ አፉን ጆሮዋ ላይ ደፍቶ። ድምፅ የሌለውን አነሳና ለሲላስ ሰጠው።