ያናገረቻቸው ሁሉ ለቀቁ

"ስሜ እዚህ ደብተር ላይ ምን ይሠራል?"

እትዬ ማህደር ይህን ያሉት ለራሳቸው ነው… ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ለጥናት የመጣችው ልጅ ስልክ ልታነጋግር ወጣ ስትል ደብተሯን ክፍቱን ትታው ሄዳለች። ክፍት ደብተር ደግሞ… እናንተስ ብትሆኑ አታዩም? ተዉ፣ እንተዋወቃለን።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ እትዬ ማህደር" ይላል። ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል።



ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እትዬ ማህደር የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የስድስት መቶ ሰው ፋይል በእሳቸው እጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ክፍል ስላልወጡ እናት ያወጣችላቸው ስም ተረስቶ "እትዬ ማህደር" ሆነው ቀሩ።

ለጡረታቸው ሦስት ዓመት ይቀራል። ቤት ደግሞ የሟች እህታቸው ልጅ አለች… ዘንድሮ ነው ኮሌጅ የገባችው፣ በእሳቸው ደመወዝ።

ባለ ደብተሯ ልጅ ፋብሪካው የመጣችው በቅርቡ ነው። በሰው ሀብት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች፣ የመመረቂያ ጥናቷን እዚሁ ልትሠራ። የምትቀመጠውም እዚያው መዝገብ ቤት ነው። ሠራተኛው ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ "ማስተርስ" አላት።

ማስተርስ ፈገግታዋ አይጠፋም። እትዬ ማህደርን የከነከናቸውም እሱ ነው።

"እትዬ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የለቀቁትን ሰዎች ፋይል ቢያወጡልኝ?"

"የሄዱት ምን ያደርጉልሻል? ያለነው አነስንሽ?"

"ወዳላችሁትም እመጣለሁ" አለች ፈገግ ብላ።

ወዳላችሁትም እመጣለሁ… ሰማችኋት?

አንድ ሰኞ ጨርቅ ቆራጩን ትንሿ ክፍል አስገብታ፣ በር ዘግታ አናገረችው። ዓርብ ቆራጩ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት የልብስ ቁልፍ የምትተክለዋን አናገረች። እሷም ሳምንት አልሞላት።

ከዚያ ካውያ ቤት የሚሠራውን… እሱም ሄደ።

የጥበቃው ሽማግሌ መዝገብ ቤት ብቅ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ ያናገረችው ሰው አይከርምም። እኔ ሰላምታዋንም በሩቁ ነው የምመልሰው።"

"እኔን ምን ታደርገኛለች?"

"ቆራጩም እንደሱ ብሎ ነበር።"

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ስማቸውን ደብተሩ ላይ ያዩት።

መስኮቱ ጥግ የማስተርስ ካርቶን አለ። የአርባ ሰው መጠይቅ፣ በየሰዉ እጅ የተሞላ፣ ቅጂ የሌለው። አብዛኛውን የለቀቁ ሰዎች ጋ ቤት ለቤት ዞራ ነው ያስሞላችው። ሰኞ ለአማካሪዋ ካላቀረበች ዓመቱ ይቃጠልባታል… ራሷ ናት የነገረቻቸው።

እትዬ ማህደር በሩን አዩ።

ካርቶኑን አነሡ። የብረት ቁም ሳጥኑ ታችኛው ክፍል፣ ከአሮጌ የፈቃድ ወረቀቶች ኋላ ከተው ቆለፉት። ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

"ወረቀት ከሌለ ማባረር የለም" አሉ በሆዳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ጠብቀው የገባቸው ይኼ ነው።

ማስተርስ ተመልሳ ጠረጴዛ ሥር ፈለገች፣ የቆሻሻ ቅርጫት ገለበጠች።

"እትዬ… አላዩትም?"

"እኔ የራሴን ፋይል ነው የምጠብቀው፣ ልጄ።"

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማስተርስ ዓይኗ አባብጧል። ፈገግታው የለም።

"ወረቀቴ ባይገኝም የእርስዎን ልጠይቅዎት" አለች።

"ነገር አታርዝሚ። ስንት ቀን ሰጣችሁኝ?"

"የምን ቀን?"

"የመባረሪያዬ ነዋ። ያናገርሽው ሁሉ እየሄደ አይደል እንዴ?"

ማስተርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እትዬ… እነሱ እኮ መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ ነው ያናገርኳቸው። ወሬ እንዳይሆንባቸው ለማንም አልተናገሩም። የኔ ሥራ የሚሄደውን ሰው 'ለምን ትሄዳለህ?' ብሎ መጠየቅ ነው።"

እውነቷን ነው። መልቀቂያ ደብዳቤ መዝገብ ቤት የሚወርደው ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው። ይኼን ከእትዬ ማህደር በላይ ማን ያውቃል? ፍርሃት ግን የሚያውቁትን አስረሳቸው።

"ታዲያ እኔን ምን ልትይኝ ነው? አልሄድ።"

"ለሱ ነው እኮ። አርባ ሰው 'ለምን ሄድክ' ብዬ ስጠይቅ ከርሜ አንድም ሰው 'ለምን ቆየህ' እንዳላልኩ ትዝ አለኝ። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። እትዬ… ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ቆዩ?"



ሰባት አለቃ ተቀያይሮባቸዋል። አንዱም ይኼን ጠይቋቸው አያውቅም።

"ደግሞ የመጨረሻው ጥያቄዬ 'ከዚህ ቤት ማን ይናፍቅሃል?' የሚል ነው" አለች ማስተርስ። "ከአርባው ሃያ ስድስቱ እርስዎን ነው የጻፉት። ቆራጩ፣ 'ልጄ የታመመ ጊዜ የፈቃድ ወረቀቴን ይዘው ቢሮ ለቢሮ የሮጡልኝ እሳቸው ናቸው' ብሏል። ላሳይዎት ነበር… ጠፋብኝ እንጂ።"

እትዬ ማህደር እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ።

ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ታችኛው ሳጥን… ከፈቃድ ወረቀቶቹ ኋላ።"

ማስተርስ ቁልፉን አየች። እሳቸውን አየች።

"ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። እኔንም።"

ሄዳ ካርቶኗን ታቅፋ መጣች። ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን አነሣች።

"እሺ… ለምን ቆዩ?"

"ጻፊ" አሉ እትዬ ማህደር ዓይናቸውን እየጠረጉ። "የአንድም ሰው ወረቀት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። እስከ ማክሰኞ ድረስ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር።"

ያኔ ነው ማስተርስ የሳቀችው።

ወገኖቼ… የሚሄደውን በር ድረስ ተከትለን "ለምን?" እንላለን። የቆየልንን ግን እንደ ቤት ዕቃ አልፈነው እንሄዳለን። ደግሞ ሰው ስትጠረጥሩ ከመቆለፋችሁ በፊት ጠይቁ… የቆለፋችሁት የራሳችሁን ምስጋና ሊሆን ይችላል።

እስቲ እናንተስ… በቤታችሁም ሆነ በሥራችሁ፣ ሳይሄድ የቆየላችሁ ሰው ማን ነው? "ለምን ቆየህ?" ብላችሁት ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነበዋለሁ።