ሮሜል ከመርከብ ላይ

ዴልፊን የታላቅ ወንድሙን ሸሚዝ ለብሶ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ተቀመጠና ካሜራውን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱን ፊት አንስቶ የሮሜልን ተካበት። ከጀርባው ጠባብ የመርከብ ክፍል አስገባ፤ ድምፁን ደግሞ ሮሜል በሕይወት ሳለ ከላካቸው መልእክቶች እየቆራረጠ ገጣጠመው።

ማኒላ ውስጥ እንጀራው ይኸው ነው፤ የሌለውን ካለው ጋር ማዋሐድ። በዚያ ሰሞን ስቱዲዮው ለአንድ ተከታታይ ድራማ ወንዝ ውስጥ አዞ እያስገባ ነበር። አዞው ምንም አላስቸገረውም፤ እንቅልፍ የነሳው ወንድሙ ነው።

ሮሜል መርከበኛ ነበር። በማዕበል ከመርከቡ ወድቆ ባሕር በላው፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ኩባንያው መርዶውን የነገረው ለዴልፊን ነው። ሐኪሙ ደግሞ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ እናቱ ስለ ናናይ ፊሎሜና አስጠንቅቆት ነበር። "ልባቸው ድንጋጤ አይችልም፤ ክፉ ወሬ እንዳታሰሟቸው" ብሎታል። ዴልፊን መርዶውን ደበቃቸው። መደበቁ ሲያስጨንቀው ጊዜ ወንድሙን በገዛ እጁ ሠራው።

ናናይ የመጀመሪያውን መልእክት ስልካቸው ላይ ደጋግመው አዩት።

"ኩያህ ከስቷል" አሉ ታላቅ ወንድሙን።

"የባሕር ሥራ ነዋ፣ ናናይ።"

"ፀሐይዋስ? መስኮቱ በቀኙ ሆኖ ግራ ጉንጩን ነው የምትመታው።"

"መስታወት መልሷት ይሆናል" አለ ዴልፊን። በሚቀጥለው መልእክት ብርሃኑን አስተካከለ፤ ጭንቀቱ ግን አብሮ አልተስተካከለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲኒጋንግ የሚሉት ኮምጣጣ የዓሣ ሾርባ ቀርቦ ሲበሉ እናቱ ድንገት ቀና አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ሥራህን በቅጡ ነግረኸኝ አታውቅም። ያንን አዞ እንዴት አድርጋችሁ ነው ወንዝ ውስጥ የምትከቱት?"

ጥያቄው አልጣመውም። ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ አፉን መያዝ አይሆንለትም።

"ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ተዋናዩ ለአዞው ቦታ ትቶ ይቆማል። ከዚያ አንድ የሚያብለጨልጭ ኳስ ካሜራው ፊት እንይዛለን፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ኳሱ ላይ ይታያል። በመጨረሻ ሁሉም ሰው ይወጣና ባዶውን ቦታ እንቀርፃለን።"

"ባዶውን ለምን?"

"እሱ ከሌለ የተገጠመበት ያስታውቃላ።"

"እንዲህ ነው እንዴ" አሉና የዓሣውን ሥጋ ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። "ብላ። አንተም ከስተሃል።"

ከዚያ ወዲህ ናናይ ለሮሜል መልስ መላክ ጀመሩ። ስልካቸውን ከኮምጣጤ ጠርሙስ ጋር አስደግፈው በረንዳው ላይ ካለችው የቀርከሃ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ቶያንግ ልታግዛቸው ብላ ስልኩን ነካ ብታደርገው ተቆጧት።

"እጅሽን ሰብስቢ። ንክች እንዳታደርጊው።"

"ኧረ እትዬ ፊሎሜና፣ ምናለ መሃል ላይ ብትቀመጪ? ልጁ ግማሽ እናቱን ነው እንዴ የሚያየው?" ብላ ሳቀችባቸው።

እሳቸው ግን ከጫፉ አልተነቃነቁም። ዴልፊን በመስኮት ያያቸው ነበር። የታጠበ ጭልፋ አንስተው ለስልኩ ሲያሳዩ ሲያይ፣ ምን እንደሠሩ ለሮሜል የሚነግሩት መሰለው። መጋረጃውን ሳበና ዞር አለ።

"ላክለት" ይሉታል ሲጨርሱ፣ ስልኩን እየሰጡት።

"እሺ ናናይ" ይላል።

ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከተዋል፤ ከፍቶ ግን አያየውም። እናት ለሞተ ልጇ የምታወራውን መስማት አልቻለም። ለመዋሸት የደፈረው ሰው እዚያች ላይ ሲደርስ ፈሪ ነበር።

የሙታን ቀን መጣ። ናናይ ደጃፉ ላይ ሁለት ሻማ አበሩ። "ይኼ ለአባትህ" አሉ። ሁለተኛው ለአያቱ ይሆናል ብሎ ዴልፊን አልጠየቀም።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እናቱ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

"የላኩትን አየው?"

"አየው እንጂ።"

"ምን አለ?"

"ሳቀ። ደስ አለው።"

"ሳቀ?" አሁን ቀና ብለው ትክ ብለው አዩት። "ስንት ጊዜ ላክሁ፤ የለመንሁትን ግን አላደረገልኝም።"

"ባሕር ላይ መስመሩ ያስቸግራል፣ ናናይ፤ ተቆርጦበት ይሆናል።"

"መስመሩን ተወው። አይቶት ቢሆን ኖሮ ያደርገው ነበር።"

ደረታቸውን በእጃቸው ያሹ ጀመር። ዴልፊን አለቀልኝ፣ ነቅተውብኛል አለ በልቡ፤ ሐኪሙ የፈራው ነገር ሊመጣ ነው። ምን ብለው እንደለመኑ ካላወቀ የሚቀጥለው መልእክት ራሱ ያጋልጠዋል። የሚበላውን ትቶ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ዘግቶ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈተ።

እናቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አያወሩም። ጭልፋውን ካሜራው ፊት ያዙት፤ በሚያብለጨልጭ ሆዱ ላይ ሰማዩና በረንዳው በደንብ ይታያሉ። ከዚያ ጭልፋውን አስቀመጡና ማንም ወደሌለበት ወደ ጎናቸው ዞር ብለው ፈገግ አሉ። እንዲያ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ወጡ፤ ምስሉ ላይ ባዶው አግዳሚ ብቻ ቀረ።

"ዴልፊን፣" አለ ድምፃቸው ከስልኩ ጀርባ፣ "ወንድምህን እዚህ ከጎኔ አስቀምጥልኝ።"