ሁለተኛው አልጋ

በዚያ ዘመን በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የተነደፈ ክፍል፣ ባለሙያዎች ካጸደቁት በእውነተኛው የጠፈር ጣቢያ ላይ ይሠራ ነበር። የኮምቦልቻዋ ልብስ ሰፊ አስካለም፣ ጣቢያው ላይ ስድስት ዓመት ከኖረችው ልጇ ከምንትዋብ ጋር ጨዋታው ውስጥ ገብታ የመኝታ ክፍል ትነድፍ ጀመር።

የግድግዳውን እጀታ በልጇ ትከሻ ልክ አስቀመጠችው። የምንትዋብን ልክ በቃሏ ታውቀዋለች።

«እማዬ፣ ከፍ አድርጊው፤ ቁመቴ ጨምሯል» አለቻት ምንትዋብ።

«ምን ያህል?»

«ሦስት ጣት። እግሬ ግን በጣም ቀጥኗል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ምድር ላይ መቆም አትችይም አሉኝ።»

አስካለ ለልጇ መምጫ ብላ የሰፋችውን ቀሚስ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ በባዶው ግድግዳ በኩል ሌላ አልጋ ሣለች።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?»

«የእኔ። ጣቢያው ላይ ስልሳ ዓመት ያለፈውንም ሰው መቀበል ጀምረዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገ ሄጄ እመዘገባለሁ።»

ምንትዋብ ሳቀች። «ታንኮራፊያለሽ እኮ!»

«ትለምጂዋለሽ።»

በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ክፍሉ ከነሁለት አልጋው ጸደቀ። አስካለ በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ለጤና ምርመራ ተሰለፈች።