መልስ ሳይመጣ የሚሄደው ፎርም

«ላክ» የሚለውን ለሃያኛ ጊዜ እጫናለሁ። ለጥርስ ክሊኒክ የምንሠራው የቀጠሮ ገጽ ብልጭ ይልና የሞላሁትን ሁሉ ያጠፋዋል። «ይህ ሰዓት ተይዟል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደብዛው የለም፤ ቀጠሮው ግን ተመዝግቧል። ለአንድ ሐኪም በዚያው ሰዓት ሁለት ታካሚ።

ታናሽ እህቴ ወንበሯን እየገፋች አጠገቤ ትደርሳለች። ይህን ሥራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ፊደል እንደማስቆጠር አንድ በአንድ። አሁን ግን ነገር በተበላሸ ቁጥር አለቃችን «ትንሿን ጥሩልኝ» ይላሉ። ዛሬ ይህን ገጽ አይተው ከሁለታችን አንዳችንን የቡድኑ መሪ ያደርጋሉ።

«እታለም፣ ኮዱ ውስጥ ‹ከተያዘ አትላክ› ያልሽው የቱ ጋ ነው?»

«ቀጠሮዎቹ ከተመዘገቡበት ሰርቨር መልስ ሲመጣ ነዋ!»

ትስቃለች። «መልሱ እስኪመጣ ፎርሙ ቆሞ ይጠብቅሻል? ሄዷል እኮ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብሽ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ አቁሚው። ከዚያ ጠይቂ፤ ሰዓቱ ክፍት ከሆነ ራስሽ ትልኪዋለሽ።»

በክንዴ ላይ ተንጠራርታ ከላይ አንዲት መስመር ትጽፋለች፤ ፎርሙ በራሱ እንዳይሄድ የምትከለክል። ከታች ትንሽ ትነካካለች። «ላክ»ን ስትጫን ገጹ ንቅንቅ አይልም። «ይህ ሰዓት ተይዟል» ይላል በቀይ።

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ሁለት ቀን የፈጀሁበትን በሁለት ደቂቃ! ቀንቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ልብሴን ስትወርስ፣ ጫማዬን ስትወርስ አልቀናሁም፤ ይህችን ግን አልችላትም።

«አለቃን ልጥራቸው» ብላ ትሮጣለች። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» ስትላቸው ከወዲሁ ይሰማኛል። የጻፈቻትን መስመር አጠፋና ሴቭ አደርጋለሁ። እሳቸው ፊት ትፈር!

አለቃችን መጥተው ወንበሬ ላይ ይቀመጣሉ። «ማናችሁ ናችሁ የፈታችሁት?»

«እሷ ናት» ትላለች እህቴ። «እኔ አጠገቧ ቁጭ ነው ያልኩት። ያስተማረችኝ እሷ አይደለች? መሪነቱም የሚገባው ለእሷ ነው።» ከኋላ ክንዴን ቆንጠጥ ታደርገኛለች፣ ልጆች ሆነን ጥፋቴን ስትሸፍንልኝ ታደርገው እንደነበረው።

«እኔም ልቤ ወደ አንቺ ነበር» ይሉኛል። «በይ እስቲ እንየው።»

የተያዘውን ሰዓት ይመርጣሉ። ስማቸውን በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ይጽፋሉ። ጊዜ አለኝ። «አንዴ ይቆዩ» ማለት ብቻ ነው። ግን ለምን ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው?

ጣታቸው «ላክ» ላይ ያርፋል። እህቴ ስክሪኑን አታይም። የምታየው እኔን ነው፣ ፈገግ ብላ።